«በ14 እናቶች ምን ልታሳዪኝ ነው?»

የጠያቂያችን ደብዳቤ፦

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። በሕዝብ ጤና የሁለተኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ፤ በሥራዬ ደግሞ የጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ጥናቴ እናቶች የቅድመ ወሊድ ክትትል ጀምረው ለምን እንደሚያቋርጡ የሚጠይቅ ሲሆን ዘዴው ዓይነታዊ ነው፤ ማለትም በቁጥር ከመለካት ይልቅ በቃለ መጠይቅ የሰዎችን ንግግር የሚመረምር ነው። እስካሁን 14 እናቶችንና 3 የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን በምሠራበት ጤና ጣቢያ አነጋግሬአለሁ። አማካሪዬ በስታቲስቲክስ የታወቁ መምህር ናቸው። የደረስኩበትን ስነግራቸው ‹በ14 እናቶች ምን ልታሳዪኝ ነው? ናሙናሽ በቀመር ይሰላ› አሉኝ። ከቀዳሁት ድምፅ ውስጥ ወደ ጽሑፍ የገለበጥኩት አምስቱን ብቻ ነው፤ እሱንም ምን እንደማደርገው ግራ ገብቶኛል። ብዙዎቹ እናቶች ‹ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን› ብለው ዝም ይላሉ። ጓደኛዬ ትንተናውን በክፍያ የሚሠራ ሰው አውቃለሁ ትለኛለች። ዲፌንሴ ሦስት ወር ቀርቶታል፤ አብሮኝ የሚያየው ሰው የለኝም። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦

ውድ እህታችን፣ ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ካስጨነቁዎት ነገሮች ሁሉ የቁጥሩ ጉዳይ የገነነ ቢመስልም፣ እንደ እኔ እምነት ዋናው ችግር እሱ አይደለም። ዋናው ችግር ትንተናው ቃለ መጠይቁ ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚጀመር ሥራ ተደርጎ መታሰቡ ነው። ይህ ሲስተካከል የአማካሪዎም ጥያቄ፣ የእናቶቹም ዝምታ፣ በክፍያ የማሠራቱም ሐሳብ አብረው መልክ ይይዛሉ።

ሆኖም አማካሪዎ ያነሡት ቁጥሩን ነውና በእሱ ልጀምር። በጤና ምርምር ትምህርት ያለፈ ተማሪ ሁሉ 384 የሚባለውን ቁጥር ያውቀዋል። የሚጠናው ነገር ስርጭት አስቀድሞ ካልታወቀ 50 በመቶ ተብሎ ይወሰዳል፤ የመተማመኛ ደረጃው 95 በመቶ፣ የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ሲሆን ቀመሩ 384 ይሰጣል፤ መልስ ለማይሰጡ ሰዎች 10 በመቶ ሲታከልበት ደግሞ 422 ይሆናል። ይህ ስሌት የሚያገለግለው «ከመቶ እናቶች ስንቶቹ ያቋርጣሉ?» ለሚል ጥያቄ ነው፤ ማለትም በዕጣ ከተመረጡ ጥቂት ሰዎች ተነሥቶ ስለ ሕዝቡ በአኃዝ ለመናገር ሲፈለግ ነው። የእርስዎ ጥያቄ ግን፣ አንዲት እናት መጥታ ካርድ ካወጣችና አንድ ጊዜ ከታየች በኋላ እንዳትመለስ የሚያደርጋት ምን እንደሆነ፣ ውሳኔውም በቤት ውስጥ እንዴትና ከማን ጋር እንደሚወሰን ነው። ለዚህ 422 እናቶችን ማነጋገር አይጠቅምም። እንዲያውም ይጎዳል፤ ምክንያቱም ከዚያ ሁሉ ቅጂ ውስጥ አንዲቱንም እናት በሚገባ አድምጦ መተንተን ለአንድ ተማሪ የሚቻል አይደለም።

ታዲያ ስንት ይበቃል ለሚለው፣ በጥናት የተፈተሹ መልሶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግሬግ ጌስትና ሁለት ባልደረቦቹ በጋናና በናይጄሪያ ከ60 ሴቶች ጋር የተደረጉ ጥልቅ ቃለ መጠይቆችን መርምረው፣ ከመጀመሪያዎቹ 12 በኋላ አዲስ ኮድ (ለአንድ የንግግር ክፍል ሐሳቡን ለመለየት የሚሰጥ አጭር ስም) እምብዛም እንደማይገኝ አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ሞኒክ ሄኒንክና ባልደረቦቿ 25 ቃለ መጠይቆችን መርምረው አንድ ጠቃሚ ልዩነት አመጡ፤ የጉዳዮቹን ዓይነት ለይቶ ለመጨረስ 9 ቃለ መጠይቅ ቢበቃም፣ የእያንዳንዱን ጉዳይ ትርጉም በጥልቀት ለመረዳት ግን ከ16 እስከ 24 አስፈልጓቸዋል። እነዚህን አኃዞች የምጠቅስልዎ በ384 ምትክ 12ን አዲስ ቀመር እንዲያደርጉት አይደለም። ለእርስዎ ይበልጥ የሚበጀው ኪርስቲ ማልቴሩድና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረቡት ሐሳብ ይመስለኛል። እነሱ የሚሉት፣ የጥናቱ ዓላማ ጠባብና ግልጽ ከሆነ፣ ተሳታፊዎቹ ጉዳዩን በራሳቸው ሕይወት የሚያውቁት ከሆኑ፣ ውይይቱም የጠለቀ ከሆነ ጥቂት ሰው ይበቃል፤ ዓላማው ሲሰፋና ውይይቱ ሲሳሳ ደግሞ ብዙ ሰው ያስፈልጋል ነው። በዚህ መለኪያ ሲታይ 14 እናቶች በቁጥር አያንሱም። ሥጋቴ ያለው ውይይቱ ላይ ነው፤ «ደኅና ነው» ተብሎ የተዘጋ ቃለ መጠይቅ አሥራ አምስተኛና አሥራ ስድስተኛ ቢጨመርበትም ያው ነውና።

ስለዚህ ወደ ዝምታው እንምጣ፤ ብዙ ልነግርዎት የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ እናቶች የተናገሩት ለማን እንደሆነ ያስቡት። የጠየቀቻቸው ነጭ ጋውን የለበሰች፣ በዚያው ጤና ጣቢያ የምትሠራ፣ ምናልባትም ነገ ምጥ ሲይዛቸው የምትቀበላቸው ነርስ ናት። ቦታውም የጤና ጣቢያው ክፍል ነው። በዚህ ሁኔታ «አዋላጇ ስለ ተቆጣችኝ ቀረሁ» ብላ የምትናገር እናት ብዙ ድፍረት ያላት መሆን አለባት። በጨዋነት ያደገ ሰው በቤቱ የተቀበለውን አያማም፤ የተደረገለትን አመስግኖ ይሸኛል። ስለዚህ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለውን መልስ ባዶ አድርገው አይቁጠሩት፤ ጠያቂዋ ማን እንደሆነች የሚናገር መረጃ ነውና በማስታወሻዎ ላይ ይስፈር።

ከዚህ በኋላ የሚያደርጓቸውን ቃለ መጠይቆች ከግቢው ያውጧቸው። ጋውኑን አውልቀው፣ በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በኩል አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው፣ እናቲቱ በመረጠችው ሰዓት ቤቷ ይሂዱ፤ ቡና ከተፈላ ይጠጡ፤ አማት ወይም ባል አጠገብ ከተቀመጠ ግን ጥያቄውን ለሌላ ቀን ያቆዩት። የቦታ ለውጡን ለሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴው በማሻሻያ ማመልከቻ ያሳውቁ፤ የጸደቀው ፕሮፖዛል ቃለ መጠይቁ በጤና ጣቢያ እንደሚደረግ ከገለጸ ይህ ግዴታ ነው። በፈቃድ ቅጹ ላይም ለመናገር እምቢ ብትል ወይም ቅሬታ ብትናገር በሕክምናዋ ላይ ምንም እንደማይለወጥ፣ የሚያነጋግሯትም የሚያክሟትም እርስዎ ራስዎ መሆንዎ በግልጽ ይነበብላት።

ጥያቄውንም ይለውጡት። «ክትትሉ እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ማንም «ደኅና ነው» ይላል። «ለምን አቋረጡ?» የሚለው ደግሞ ጥፋተኛ የሚያደርግ ይመስላል። በዚህ ፈንታ «መጨረሻ ጤና ጣቢያ የሄዱበትን ቀን፣ ጠዋት ከእንቅልፍዎ ከተነሡበት ጀምረው እስኪመለሱ ድረስ ይንገሩኝ» ይበሉ፤ ከዚያም እያዳመጡ «ያን ጊዜ ልጆቹ የት ነበሩ?»፣ «ማን ነው ሂጂ ያለዎት?»፣ «ከዚያስ?» እያሉ ይከተሉ። ሰው አስተያየት ከመስጠት ይልቅ የዋለበትን መተረክ ይቀለዋል፤ የቀረበት ምክንያትም ከትረካው ውስጥ ይወጣል። ካነጋገሯቸው 14 እናቶች ውስጥ ፈቃደኛ የሆኑትን ሦስት አራቱን መልሰው ቢያነጋግሩ፣ አዲስ አሥር እናት ከማነጋገር ይበልጥ ይጠቅምዎታል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የገለበጧቸውን አምስት ቃለ መጠይቆች ያውጡ። ባርኒ ግሌዘርና አንሴልም ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፋቸው መረጃ መሰብሰብና መተንተን ጎን ለጎን እንዲሄዱ ያስተማሩት አለምክንያት አይደለም፤ ሁለተኛው ቃለ መጠይቅ ከመጀመሪያው ሊማር የሚችለው የመጀመሪያው ሲተነተን ብቻ ነው። የእነሱን ስልት ሙሉ በሙሉ ካልተከተሉ ግን ግራውንድድ ቲየሪ (የስልታቸው ስም ነው) ተጠቅሜአለሁ ብለው በዘዴ ምዕራፍዎ ላይ አይጻፉ፤ ፈታኞች መጀመሪያ የሚይዙት ይህን ነው። ለእርስዎ ጥያቄና ለቀረዎት ጊዜ የሚስማማው ቨርጂኒያ ብራውንና ቪክቶሪያ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ2006 በስድስት ደረጃ የገለጹት የጭብጥ ትንተና ነው።

ሥራው በተግባር ምን እንደሚመስል ላሳይዎ። አንዲት እናት እንዲህ ብላለች እንበል፦ «ካርድ ክፍል ወረፋው ረጅም ነበር፤ ሕፃኑን ለጎረቤት ትቼው ስለ መጣሁ ሆዴ አልችል አለ፤ እሷም ገበያ ልትሄድ ነው፤ ሳልታይ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወዲያ አፈርኩ።» በችኮላ የሚሠራ ተማሪ እዚህ ላይ «የወረፋ ችግር» የሚል ኮድ ሰጥቶ ያልፋል። ቀስ ብሎ የሚያነብ ግን ቢያንስ አራት ነገር ያያል፤ ወረፋውን፣ ልጅ የሚጠብቅ ሰው ማግኘት በጎረቤት በጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ መሆኑን፣ የጎረቤቲቱ የገበያ ቀን የእናቲቱን ክትትል እንደሚወስነው፣ በመጨረሻም አንድ ጊዜ ሳይታዩ መመለስ እፍረት ሆኖ ለቀጣዩም ቀጠሮ እንቅፋት መሆኑን። እያንዳንዱ የየራሱ ኮድ ይሰጠው። በተለይ «ከዚያ ወዲያ አፈርኩ» የምትለዋን ሐረግ እኔ ብሆን አልለቃትም፤ መቅረትን የሚያመጣው መቅረት ራሱ ሊሆን እንደሚችል ትናገራለችና በሌሎቹ ቃለ መጠይቆች ውስጥ እፈልጋታለሁ።

ኮዶቹ ተሰብስበው ጭብጥ ሲሆኑም እንዲሁ ጥንቃቄ ያሻል። በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎች የውጤት ምዕራፍ ላይ «የትራንስፖርት ችግር»፣ «የግንዛቤ እጥረት»፣ «የባል ተጽዕኖ» የሚሉ ርእሶች ተደርድረው ይታያሉ። እነዚህ የጉዳይ ስሞች ናቸው፤ ቃለ መጠይቅ ሳይደረግም ከጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ሊጻፉ ይችላሉ። ጭብጥ ግን አንድ ነገር የሚል፣ ሊደገፍም ሊሞገትም የሚችል ሐሳብ ነው፤ ለምሳሌ «ክትትል መሄድ የሚቻለው ሌላ ሴት ቤቱን ስትይዝ ነው» ወይም «አንድ ቀጠሮ ያለፋት እናት ቁጣ ፈርታ ሌላውንም ትተዋለች»። ጭብጥ ይሆናል ያሉትን በዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ገና አልደረሰም ማለት ነው። ከጻፉት በኋላ ደግሞ የሚቃወመውን እናት ይፈልጉ፤ ቀጠሮ አልፏት፣ ተቆጥተዋትም የተመለሰች ካለች እሷ በጽሑፉ ውስጥ ቦታ ሊኖራት ይገባል።

በሐሳብ ላይ ሳለሁ አንድ ነገር ላስታውስዎ። «ማቋረጥ» ማለት በጥናትዎ ምን እንደሆነ ወስነዋል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቀድሞ ቢያንስ አራት የነበረውን የክትትል ብዛት ወደ ስምንት አሳድጎታል። አራት ጊዜ የመጣች እናት በአንዱ መመሪያ የጨረሰች፣ በሌላው ያቋረጠች ናት። ፈታኝዎ ከመጠየቃቸው በፊት በየትኛው እንደሚመሩ ይጻፉ።

ስለ ቋንቋና ስለ መሣሪያ ባጭሩ፦ በአማርኛ የተነገረውን በአማርኛ ገልብጠው፣ ኮዱንም በአማርኛ ይስጡ፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሱት በጽሑፉ የሚገቡት ጥቅሶች ብቻ ይሁኑ፤ ዋናው የአማርኛ ቃል ደግሞ በአባሪ ይቀመጥ። አስቀድሞ ሁሉን መተርጎም ጊዜዎን ይበላል፤ ትንተናውም ከእናቶቹ ንግግር ይልቅ በእርስዎ እንግሊዝኛ ላይ ይመሠረታል። ሲተይቡ ዩኒኮድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በድሮዎቹ የግእዝ ፊደል ዓይነቶች የተጻፈ ጽሑፍ በትንተና ሶፍትዌር ውስጥ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ሶፍትዌሩን በተመለከተ በስዊድን የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀውና በነፃ የሚገኘው ኦፕን ኮድ፣ ወይም ታጌት፣ ከበቂ በላይ ነው። አሥራ አራት ቃለ መጠይቅ በወረቀትና በቀለም እስክሪብቶም ይሠራል። የትኛውም ሶፍትዌር በራሱ አይተነትንም፤ የሚያደርገው እርስዎ ያሰቡትን መልክ አስይዞ ማስቀመጥ ነው።

በክፍያ ስለማሠራቱ የምነግርዎ አጭር ነው፤ አያድርጉት። ደንብ መጣሱ እንዳለ ሆኖ፣ እነዚያ እናቶች የተናገሩት ለእርስዎ ነው፤ ድምፃቸው ለማያውቁት ሰው እንዲተላለፍ አልፈቀዱም። ትንተናውን ያልሠራ ሰው ደግሞ በዲፌንስ ዕለት «ይህ ጭብጥ ከየት መጣ?» ሲባል የሚመልሰው አይኖረውም። ድምፅ ለመገልበጥ ሰው መቅጠር ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፈቃድ ቅጹ የሚያስችል ከሆነ፣ ገልባጩ የምስጢር ጠባቂነት ቃል ፈርሞ፣ እርስዎም ድምፁን ከጽሑፉ ጋር እያመሳከሩ ካረሙት ነውር የለውም፤ በምስጋና ገጹ ላይም ይገለጻል። የአንድ ሰዓት ድምፅ መገልበጥ ግማሽ ቀን ያህል ሊወስድ ስለሚችል፣ በተረኝነት ለሚሠራ ሰው ይህ እርዳታ ቀላል አይደለም።

ወደ አማካሪዎ ሲመለሱ ለክርክር አይሂዱ። እሳቸው የሚጠይቁት፣ ውጤቱ የእርስዎ ግምት ብቻ አለመሆኑን በምን ላምን የሚል ነው፤ ይህ ደግሞ የማንኛውም ጥሩ ተመራማሪ ጥያቄ ነው። አንድ ገጽ ጽፈው ይውሰዱላቸው። በዚያ ገጽ ላይ የጥናቱ ጥያቄ የመጠን ሳይሆን የምክንያትና የሂደት መሆኑ፣ እናቶቹ በምን መስፈርት እንደተመረጡ፣ ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ስለ ቁጥሩ የሚሉት፣ መቼ ይበቃኛል ብለው እንደሚያቆሙ ይኑርበት። ከጎኑ ኮሬክ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመውን ባለ 32 ነጥብ የዓይነታዊ ጥናት ማመሳከሪያ አያይዘው፣ የትኛውን አሟልተው የትኛው እንደቀረዎት ያሳዩበት። በመለኪያ ለሠለጠኑ መምህር ይህ የሚያውቁት ዓይነት ሰነድ ነው፤ መነጋገሪያም ይሆናችኋል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ «ሳቹሬሽን ላይ ደርሻለሁ»፣ ማለትም ከእንግዲህ አዲስ ነገር አይገኝም፣ ብለው በአንድ መስመር አይለፉ። ብራውንና ክላርክ ራሳቸው ይህ ሐሳብ ከእነሱ ስልት ጋር እንደማይሄድ ጽፈዋል። ለማለት ከፈለጉም በስንተኛው ቃለ መጠይቅ ስንት አዲስ ኮድ እንደተገኘ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ሊኖርዎ ይገባል።

ከስብሰባው በኋላ የተስማማችሁበትን በአምስት መስመር ጽፈው በኢሜይል ይላኩላቸው፤ ይህ ሁለታችሁንም ይጠብቃል። በዘዴው ልምድ ያለው ሁለተኛ አማካሪ እንዲመደብልዎ የሚያስፈልግ ከሆነም ለትምህርት ክፍል ኃላፊው ከማመልከትዎ በፊት ለራሳቸው ይንገሯቸው። ብዙ መምህራን በአክብሮት ሲጠየቁ ይህን በደስታ ይቀበላሉ፤ ተሰውሮ ሲደረግ ነው የሚያስቀይማቸው። የሶሻል ወርክ፣ የሶሲዮሎጂ ወይም የአንትሮፖሎጂ ትምህርት ክፍል በግቢዎ ካለ፣ የሚፈልጉት ሰው ከራስዎ ትምህርት ክፍል ይልቅ እዚያ ሊገኝ ይችላል።

አብሮኝ የሚያየው የለም ላሉት ደግሞ፣ ከክፍል ጓደኞችዎ ዓይነታዊ ጥናት የሚሠሩ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ይፈልጉ። በየሳምንቱ ተገናኝታችሁ ከአንዳችሁ ቃለ መጠይቅ ሁለት ገጽ ብቻ ወስዳችሁ፣ ሁላችሁም ለየብቻ ኮድ ስጡና አወዳድሩ። የምትለያዩበት ቦታ ነው የሚያስተምራችሁ፤ መስማማት ግዴታ አይደለም። እርስዎ ነርስ ስለሆኑ የማይታይዎትን፣ ነርስ ያልሆነ ጓደኛ ያየዋል። ወረቀቱ ላይ ግን የእናቶቹ ስም፣ ቀበሌና ሌላ መለያ ይጥፋ፤ የድምፅ ቅጂዎቹንም በቴሌግራም አትላላኩ።

ከሦስቱ ወር የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት አምስቱን ቃለ መጠይቆች ለመተንተን፣ የማሻሻያ ማመልከቻውን ለማስገባትና የቀረውን ድምፅ ለመገልበጥ ያውሏቸው። በሁለተኛው ወር እናቶቹን መልሰው ሲያነጋግሩ የውጤት ምዕራፉንም ጎን ለጎን ይጻፉ፤ አንድ ጭብጥ እንደደረሰ ሌሎቹን ሳይጠብቁ ረቂቁን ለአማካሪዎ ይስጡ። ሦስተኛው ወር ለእሳቸው እርማትና ለዘዴ ምዕራፉ ነው። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ የተሳታፊዎቹ ነርስ መሆንዎን፣ የመጀመሪያዎቹ ቃለ መጠይቆች በጤና ጣቢያው ውስጥ መደረጋቸውንና ይህ በመልሳቸው ላይ ያሳደረውን፣ ከዚያም ምን እንደለወጡ ሳይሸሽጉ ይጻፉት።